ታደለች የመጣችበት ዓመት

መርዶው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው። የድሮ የቡድናችን ልጆች ለሰርግም ለሐዘንም የምንጠራራበት ግሩፕ አለን። ጠዋት ስልኬን ስከፍት እዚያ ግሩፕ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ታደለች አረፈች።»

እንቅልፍ ከዓይኔ ገና አልለቀቀም ነበርና ቃሉን እንደ ሞት አላነበብኩትም። የት ይሆን ያረፈችው? ብዬ አሰብኩ። ታደለችን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከመሬት ተነስታ፣ ኳሷን ከራሷ በላይ ይዛ፣ አየር ላይ ጥቂት አረፍ የምትል ሴት ነበረች። ከሜዳችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው ጋሽ ነስሩ፣ «ይቺ ልጅ ትዘላለች አይባልም። ትወጣለች፣ እዚያ ትንሽ ትቀመጣለች፣ ሲያሰኛት ትወርዳለች» ይል ነበር።

ከመልእክቱ ሥር «ነፍስ ይማር» እየተደረደረ ሲመጣ ነው የገባኝ።

ቴፒ ውስጥ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ነበረን ስል የሚገረሙ አሉ። ሜዳችን ቡና የሚሰጣበት ሲሚንቶ ነበር። ቀዩ ቡና የደረሰ ጊዜ ሜዳነቱ ይቀርና ጀንፈል፣ ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ ይነጠፍበታል፤ እኛም ቤታችን እንቀመጣለን። ቡናው ተነስቶ ሲያልቅ ጥበቃው ሽማግሌ «በሉ እንግዲህ፣ ተራው የእናንተ ነው» ይሉናል። ጠርገን እንገባለን። ብንጠርገውም ስንሮጥ ከጫማችን ሥር የቀረ ፍሬ ይንኮሻኮሻል።

የበጋው የመጀመሪያ ዝናብ ጠብ ካለ በኋላ ደግሞ ዙሪያውን ያለው የቡና ተክል ነጭ ለብሶ ያድራል። የአበባው ሽታ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ሜዳው ላይ ይተኛል። ጠዋት ለልምምድ ስንመጣ ቅርጫቱ አይታየንም። የኳሷን ድም ድም እንሰማለን፤ ማን እንደያዛት የምናውቀው ልጅቷ ከጉሙ ስትወጣ ነው። ዛሬ ያን ጊዜ ሳስብ፣ የኖርኩት ይሁን ያለምኩት ይምታታብኛል።

ታደለችን ያየናት እንደዚያ ባለ ጠዋት ነው። ኳሷ አምልጣን ወደ ሜዳው ጥግ ተንከባለለች። እዚያ አንዲት ረዥም ሴት ቆማለች፤ የጎማ ቡትስ ተጫምታ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ። ለቡና ችግኝ ጣቢያው ተመድባ የመጣች የግብርና ባለሙያ መሆኗን የሰማነው ኋላ ነው። ኳሷን አነሳቻት፣ በአንገት ልብሷ ጭቃውን ጠረገችላት፣ ከዚያ ወረወረቻት። ወደ እኛ አይደለም፤ ወደ ቅርጫቱ፣ ጉሙ ወደ ሸፈነው። ሁላችንም ቆመን አዳመጥን። መረቡ «ሽው» አለ።

አሰልጣኛችን ቲቸር ሙሉጌታ፣ የስፖርት መምህር፣ ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወልቅ ሰው፣ ቀስ ብሎ ተጠጋት።

«የት ነበር የምትጫወቺው?»

«ሚዛን» አለች።

ተያየን። ለእኛ ለቴፒ ልጆች ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። በየዓመቱ የከተሞች ውድድር አለ። የምድቡን ጨዋታ እንደምንም እንወጣና ጥሎ ማለፍ ላይ ስንደርስ እንወድቃለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለን ደግሞ ጎረቤታችን ሚዛን ናት። እየመራን እንኳ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ጉልበታችን ይከዳናል። ኳሷ እንደ ፍም ትሆንብናለች፤ ማን ቀድሞ ከእጁ እንደሚያስወጣት እንሽቀዳደማለን። እኔ ኳስ አከፋፋይ ነበርኩና ያንን ፍርሃት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ታደለች ቡድኑ ውስጥ ገባች። የዚያን ሰሞን ክርክር ጋሽ ነስሩ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበር። ከልምምድ በኋላ ለስላሳ እየጠጣን እንቀመጣለን።

«ቲቸር ሙሌ፣ አትሸወድ» አለ ጋሽ ነስሩ። «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም። አምስት ሰው በሚጫወትበት ጨዋታ አንዲት ሴት ምን ትለውጣለች?»

«እንጨት ማን አላት?» አለ ቲቸር ሙሉጌታ። «እንጨቱማ ስንት ዓመት ተከምሮ ነበር። ይቺ ክብሪት ናት።»

«ክብሪትም እኮ እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ይጠፋል።»

ሁላችንም ሳቅን። ታደለች ጠርሙሷን በሁለት እጇ ይዛ ታዳምጣለች። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታቸው የሚነገረው ቤንችኛ ነው። ስትናገር ቃላቱን አንድ በአንድ ከሩቅ እንደምታመጣ ያህል ቀስ ትላለች። ኳሷን ሁልጊዜ «እሱ» ነበር የምትላት፤ እኛም ማረም ትተን ነበር።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት ጋሽ ነስሩ።

አሰብ አደረገች። «ኳሱ አይቸኩልም። የሚቸኩለው ሰው ነው። ሲደርሰን… ቆይ ማለት ነው።»

ለቡድናችን ያስተማረችው ትልቁ ነገር ይኸው አንድ ቃል ነው። ኳስ ይዤ ሦስት ሰው ሲከበኝ፣ ከኋላዬ ድምፅዋ ይመጣል። «ቆይ… ቆይ… አሁን።» አትጮህም። ሕፃን የምታስተኛ ይመስል። ያን ድምፅ ስሰማ ጊዜው ይሰፋል፤ መፍጠን አለብኝ ያልኩት ነገር ሁሉ ጋ በእርምጃ እደርሳለሁ። ሌሎቹም እንደዚያው። ብዙ ነጥብ እንደምታገባ እውነት ነው፤ ሰው ሁሉ ያየው እሱን ነው። እኛ ግን እሷ ሳትነካው የምናገባው ኳስ መብዛቱን እናውቅ ነበር።

የሥራ ቦታዋ ወስዳኝ ታውቃለች። ችግኞቹ ከሣር ዳስ ሥር በረድፍ ቆመዋል፤ ብርሃኑ በሣሩ ቀዳዳ ወርዶ ቅጠሎቹ ላይ ይነጠባጠባል። በመካከላቸው ስትሄድ ድምፅ የላትም። ዝናብ መጣና ዳሱ ሥር ብዙ ቆየን፤ ሁለታችንም ሳንናገር። ዝምታዋ ሰው አያስጨንቅም። እንዲያውም ከእሷ ጋር ዝም ያልኩበትን ሰዓት ከማንም ጋር ካወራሁት ይልቅ አስታውሰዋለሁ።

«እናቴ አማን ናት ያለችው፣ ሚዛን አጠገብ» አለችኝ ዝናቡ ሲያባራ። «ስጫወት ልታይ ትመጣለች። ስለ ኳስ ምንም አታውቅም። እኔን ብቻ ነው የምታይ።»

ውድድሩ ተጀመረ፤ ከምድባችን አለፍን። ከዚያ ያ የምንፈራው ጥሎ ማለፍ መጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ መጨረሻ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን በምንበታተንበት ሰዓት፣ «ቆይ» አለችን፤ ቆየን፤ አሸነፍን። ግማሽ ፍጻሜውንም እንዲሁ። ሜዳው ዙሪያ ያለው ሕዝብ ስሟን እየጠራ ሲጮህ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች «ማናት የታደለችው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ባጃጅ ነጂዎች ቆመው ይጭኗታል። ገበያ ውስጥ እናቶች ይመርቋታል። ጋሽ ነስሩ እንኳ «እኔ እኮ ያኔውኑ ብያለሁ» ማለት ጀምሮ ነበር፤ ምን እንዳለ ግን የሚያስታውሰው ጠፋ።

እሷን ግን እየቀለላት ሳይሆን እየከበዳት ሄደ። አንድ ቀን ከልምምድ ስንመለስ፣ «ሰዎቹ ስሜን ሲጠሩ ሌላ ሰው የሚጠሩ ይመስለኛል» አለችኝ። «ያቺ ሴት ብትመጣ እኔም ባየኋት።»

ፍጻሜው ከሚዛን ጋር፣ በሚዛን ሜዳ ሆነ።

በሸኮ በኩል ጫካውን ስናቋርጥ ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን ነበር። ከኋላችን የቴፒ ደጋፊ የጫኑ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ይከተሉናል። ዛፎቹ ከጉም ወጥተው ተመልሰው ጉም ይገባሉ። ታደለች መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አድርጋለች። ሚዛን ስንደርስ ሕዝቡ ሞልቶ ጠበቀን። እናቷን አሳየችኝ፤ ነጠላ የለበሱ ቀጭን ሴት፣ በሚዛን ደጋፊዎች መካከል፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ዙሪያቸው ያሉት ሰዎች ልጃቸውን «ያገር ልጅ! ያገር ልጅ!» እያሉ ይጠሯታል። መሳደባቸው ይሁን መለመናቸው አይለይም።

ጨዋታው እኩል ለእኩል ሄደ። ካፊያ ጀመረ፤ ሲሚንቶው ወዛ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር በአንድ ነጥብ ይመሩናል። ታደለችን የምትጠብቀው የሚዛን ረዥሟ ልጅ ፋውል በዝቶባት ወጣች። ሚዛኖች ሌላ ረዥም ሰው ስላልነበራቸው ከተጠባባቂ ወንበር አንዲት አጭር ልጅ አስነሱ። ማልያው እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። የቴፒ ደጋፊ በሳቅ ፈነዳ። ታደለች ግን አልሳቀችም፤ ልጅቷን አየቻትና ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻት።

የመጨረሻዋን ኳስ ያቀበልኳት እኔ ነኝ። ቅርጫቱ ፊት ለፊት ተቀበለቻት። በሕይወቴ ያንን ያህል ፀጥታ ሰምቼ አላውቅም። «ቆይ» ስትል ሰማኋት፤ ለራሷ ነበር። ከዚያ ወጣች። ወጣችና እዚያ ቆመች። ካፊያው ዙሪያዋን ሲወርድ፣ እሷ ብቻ ሳትወርድ አየኋት። ኳሷ ከእጇ ተነሳች፣ የብረቱን ጠርዝ መታች፣ በጠርዙ ላይ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ በውጭ በኩል ወደቀች።

ፊሽካ ተነፋ።

የሚዛን ሕዝብ ሜዳውን ሞላው። የራሳቸውን ተጫዋቾች ብቻ አይደለም፤ ታደለችንም አቀፏት። አንዱ በትከሻው ሊያነሳት ሞከረ። «የእኛ ልጅ! ደም መች ይክዳል!» ይላል። እሷ እጆቿን ወደ ታች ጥላ ቆማለች። ይህን የቴፒ ደጋፊ ሁሉ አየ። በስልክ የቀረጸውም ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው። ጫካው መሐል ስንደርስ ቲቸር ሙሉጌታ ከፊት ወንበር ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ታደለች፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሆን ብለሽ ነው?»

ግንባሯን ከመስታወቱ አነሳች።

«ኳሱ አልገባም» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ ቴፒ የጠራቻትን ያህል ዘጋቻት። ባጃጆቹ አይቆሙም። ስሟን የሚያውቅ ሁሉ ስሟን ትቶ «ያቺ የሚዛን ሰላይ» ማለት ጀመረ። ከፍጻሜው በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ልምምድ ትመጣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። መጣች። ማንም ኳስ አላቀበላትም። እኔ ላቀብላት ስል አንዷ መሐል ገብታ ትወስድብኛለች። ታደለች ግን ከሜዳው ጫፍ ጫፍ ሮጠች፤ ቦታዋን ያዘች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሮጠች፤ ኳስ ያላት ይመስል። ልምምዱ ሲያልቅ ከጥግ የወደቀችውን ኳስ አነሳች፣ በአንገት ልብሷ ጠረገቻት፣ ለቲቸር ሰጠችው።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

እሱም ዓይኗን ሳያይ «እንደ ዛሬው» አላት።

እንዲህ ሆና ብዙ ጊዜ መጣች። አማን እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ደግሞ የዚያ አገር ሰው «ሻይ ካልጋበዝንሽ» ይላታል፤ ይጠቅሳታል፤ «ውለታሽ አለብን» ይላታል። ይህን የነገረችኝ በችግኞቹ መካከል ሆነን ነው።

«እዚህ ይረግሙኛል፣ እዚያ ይመርቁኛል» አለችኝ። «የሚያወሩት ግን አንድ ነገር ነው።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም? ሳትኩ በያቸው! ሰው አይስትም እንዴ?»

የአንድ ችግኝ ቅጠል በጣቷ ደገፍ አድርጋ አየችው። «አንድ ሰው ብቻውን ጨዋታ ያሸንፋል ብለው አምነው ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ይሸጣል ብለውም ያምናሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚመጣው።»

አልተናደደችም። እኔ ተናድጄ ነበር። በእሷ ቦታ ብሆን በመጀመሪያው ሳምንት ዝውውር ጠይቄ እሄድ ነበር፤ እሷ ግን ቡናው ደርሶ ሜዳው እስኪዘጋ ድረስ አንድም ልምምድ አልቀረችም። ሜዳው እንደገና ሲከፈት ያኮረፉት ልጆች ማኩረፉ ሰልችቷቸው ይሁን አፍረው፣ ኳስ ያቀብሏት ጀመር። ማንም ይቅርታ አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም። ከኋላችን ያ ድምፅ ተመለሰ፤ «ቆይ… ቆይ… አሁን።» ተዘጋጅተን የሚቀጥለውን ውድድር ጠበቅን። በዚያ ዓመት ግን ውድድሩ አልተካሄደም። በቀጣዩም አልተካሄደም። ቡድኑ በትዳርና በሥራ ተበታተነ። ታደለችም ወደ አማን ተዛወረች። ዕቃዋን ስትጭን ረድቻታለሁ፤ ፍራሽና ሁለት ካርቶን ነበር። ጋሽ ነስሩ ሱቁ በር ላይ ቆሞ እጁን አነሳላት፤ እሷም አነሳችለት።

ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ በስልክ እንገናኝ ነበር። መታመሟን ሰምቼ ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ ከስታለች፤ ቁመቷ ግን ከአልጋው አልፎ ነበር። ስለ ኳስ አላወራንም።

ለለቅሶው ከቴፒ የሄድነው የቻልነው ጥቂቶች ነን። ቲቸር ሙሉጌታም አብሮን ነበር፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ በእርጅናም ቢሆን ከሁላችንም ረዥም ነው። ቤታቸው ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። እናቷ እማማ ብርቄ ፍራሽ ላይ ከግድግዳው ጋር ተደግፈዋል። ካፊያ ድንኳኑን ይመታል። ከጎኔ አንዲት አጭር ሴት ተቀምጣለች።

«ከቴፒ ናችሁ?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዝናሽ እባላለሁ። በዚያ ፍጻሜ ታደለች ላይ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ማልያው ጉልበቷ የደረሰው ልጅ! አሁን የልጆች እናት ሆናለች።

«የልጅነት ነገር ነው እንግዲህ» አልኳት።

«አልሳተችም እኮ» አለች።

«ምን?»

«ያቺ ኳስ። እኔ ነክቻታለሁ።» የመሐል ጣቷን ጫፍ አሳየችኝ። «እዚህ ጋ። ከጥፍሬ ትንሽ ወደ ውስጥ። እንዴት ያን ያህል እንደዘለልኩ እኔም አላውቅም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ዘልዬው አላውቅም። ለእኛ ልጆች ብነግራቸው ሳቁብኝ። ‹አንቺ? በየት ደርሰሽ?› አሉኝ። ታደለች አውቃ ለእኛ ለቀቀችልን ማለቱ ጣፈጣቸው።»

ቲቸር ሙሉጌታ ከኋላችን ሰምቶ ጎንበስ አለ። «እሷ ታውቅ ነበር? መንካትሽን?»

«በማግስቱ ቴፒ ድረስ ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ‹አውቃለሁ፤ ጥሩ ዘለልሽ› አለችኝ። ‹ታዲያ ለቴፒዎቹ ለምን አልነገርሻቸውም?› ብላት ሳቀች። ‹አንቺ ዘለልሽ፣ እኔም ዘለልኩ፤ ኳሱ አልገባም። እኔ ምን ልጨምር?› አለችኝ።»

ቲቸር ሙሉጌታ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ምንድን ነው እሱ?» የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ብርቄ ናቸው። ዓይናቸው ዝናሽ ላይ ነው። «ስለ ልጄ ነው የምታወሩት? ጮክ በሉ።»

ዝናሽ ሄዳ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተንበረከከች፤ በቤንችኛ ነገረቻቸው። ቋንቋውን አላውቀውም፤ የእናትየው ፊት ሲለወጥ ግን አየሁ። በአማርኛ፣ ለእኛም እንዲሰማ፣ ተናገሩ።

«ገበያ በሄድኩ ቁጥር ይመርቁኝ ነበር። ልጅሽ አገሯን አልካደችም ይሉኛል። እኔ ግን ልጄ ሰው አታላ ከሆነስ እያልኩ አንገቴን እደፋለሁ። ልጠይቃት ፈልጌ ፈራሁ። ይኸው ሳልጠይቃት ሄደች።»

ከዚያ እማማ ብርቄ የዝናሽን ክንድ ያዙ።

«ተነሺ» አሏት። «እንዴት እንደዘለልሽ አሳዪኝ።»

«እዚህ? ለቅሶ ላይ?»

«እዚህ።»

ዝናሽ ዙሪያዋን አየች። ጫማዋን አወለቀች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች። ዘለለች። ከመሬት የተነሳችው ትንሽ ነው፤ ግን ጣቷ ተወጥሮ የድንኳኑን ሸራ ነካ፤ ሸራው ላይ የተጠራቀመው ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ተደፋ። በር ላይ የቆሙት ሰዎች ወደ ኋላ ዘለሉ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለ። እማማ ብርቄ ራሳቸው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ከንፈራቸው ፈገግ አለ።

«እሺ፣ እሷስ?» አሉ። «እኔ ያን ቀን ፊቷን ብቻ ነው ያየሁት። ልጄስ እስከምን ድረስ ወጣች?»

ቲቸር ሙሉጌታ ተነሳ። ወደ ድንኳኑ መካከል፣ ጣሪያው ከፍ ወደሚልበት ሄደ። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ አልበቃውም። በእግሩ ጣቶች ቆመ፤ አንጋጦ፣ የቻለውን ያህል ተንጠራራ።

«ከዚህ በላይ፣ እማማ» አላቸው። «ከዚህም በላይ።»